አሮጌውን ኃይል ማመንጫ ማን ይመስክርለት?

ልጄ፣ የኒውክሌር ምህንድስና ልትማር ባሕር ማዶ ልትሻገር እንደሆነ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ምክር ቢበዛ በአህያ አይጫንምና ጥቂት ከእኔ ይዘህ ሂድ። እኔ ዕድሜዬን ከውኃ ተርባይን ጋር የፈጀሁ ሰው ነኝ። አቶም ሲሠራ በዓይኔ ባላይም፣ ማመንጫ እንዴት እንደሚያረጅ አውቃለሁ፤ ሌላው አገር በአቶም ጣቢያዎቹ እርጅና የደረሰበትንም ሳላቋርጥ ስከታተል ኖሬአለሁ። ስለ አዲስ ጣቢያ የሚያወራህ ሰው ሞልቷል። እኔ የምነግርህ አርባ ዓመት የሠራ ጣቢያ «ሃያ ዓመት ጨምሩልኝ» ሲል እሺ ወይም እምቢ ሊለው የሚገባው ማን እንደሆነና ምን አይቶ እንደሆነ ነው።

«ገና አንድ ሪአክተር ሳይኖረን ስለ እርጅናው?» ትል ይሆናል። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ መንግሥታችንና የሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም በኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለማቋቋም የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ፈርመዋል። ከእንግዲህ ነገሩ ከወሬ አልፏል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና የእርጅናውን ነገር ማንሳት ያለብን ከመወለዱ በፊት ነው። ለምን እንደሆነ እየቆየሁ አስረዳሃለሁ፤ እውቀት ያላቸው አገሮች ሳይቀሩ ዘግይተው የተማሩት ነገር ነው።

አንተ የተወለድክበት ደብር ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው። ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ካደራጁ በኋላ፣ የጎጃሙም የሸዋውም የላስታውም ተማሪ ድጓውን ሌላ ቦታ ዘልቆት እንኳ ቢሆን ለምስክር ወደዚህ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ «ስንት ዓመት ተማርክ?» ተብሎ አይታለፍም። ያስተማረው መምህር «በቅቷል» ስላለም አያልፍም። በእጁ የጻፈውን ድጓ ዘርግቶ ከቅዱስ ዮሐንስ ጀምሮ መስመር በመስመር ያሰማል፤ የሳተው ምልክት ይታረማል፤ ያልጠናለት ተመልሶ ይቀጽላል። የሚያዳምጠው መምህር የተማሪው ዘመድ ወይም ባለዕዳ አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ያገራችን ሰው ይህን እያየ ነው ያደገው። ስለ ኃይል ማመንጫ ዕድሜም የማምነው ሥርዓት ይኸው ነው፤ ዓመቱን የሚቆጥር ሳይሆን መስመር በመስመር የሚመረምርና «አልበቃህም» የማለት ሥልጣን ያለው መስካሪ ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች ለአንድ ሪአክተር መጀመሪያ የሚሰጡት ፈቃድ 40 ዓመት ነው። ሰው ሁሉ ብረቱ በ40 ዓመት ያልቃል ተብሎ የተወሰነ ይመስለዋል። አይደለም። የተወሰነው ወጪው የሚመለስበትን ጊዜና የገበያ ውድድርን አይቶ እንደነበር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤታቸው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ «40 ሞላው፣ ይዘጋ» ማለት እውቀት አይደለም። «እየሠራ ነው፣ ምን ይሆናል?» ማለትም እንደዚያው። እነሱ ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ምርመራ አድርገው 20 ዓመት፣ ደግመው መርምረው ሌላ 20 ዓመት ይጨምራሉ። እስከ 80 ዓመት እንዲሠራ መጀመሪያ የተፈቀደለት ፍሎሪዳ ያለው ተርኪ ፖይንት ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019። ልብ በልልኝ፤ ያው ተቆጣጣሪ በ2022 «የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ በቂ አልነበረም» ብሎ የጨመረውን ዘመን መልሶ ነሣ፤ የመለሰለትም ጥናቱ እንደገና ተሠርቶ በ2024 ነው። ያጸደቀ ዳኛ ስህተቱን ሲያይ ፍርዱን ማንሳት ከቻለ፣ ያ ዳኛ የምር ዳኛ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ። በኒውክሌር ጣቢያ ውስጥ አብዛኛው ነገር ይለወጣል። ፓምፑ ይለወጣል፣ ኬብሉ ይለወጣል፣ ተርባይኑ ይለወጣል፣ እንፋሎት የሚሠራው ግዙፍ ዕቃ ሳይቀር ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ሁለት ነገር ግን አይለወጥም፤ ነዳጁን የያዘው ወፍራሙ የብረት ጋንና በላዩ የቆመው የኮንክሪት ሕንፃ። የጣቢያው ትክክለኛ ዕድሜ የእነዚህ የሁለቱ ዕድሜ ነው። ጋኑ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከነዳጁ የሚወጣው ኒውትሮን ይደበድበዋል፤ ብረቱ ቀስ በቀስ መለመጡን ይተውና ተሰባሪ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይታይበትም። አደጋ ደርሶ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት የገባበት ቀን ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ይሆናል።

ታዲያ የማይታየውን እንዴት ያውቁታል? ጣቢያው ሥራ ሳይጀምር ከጋኑ ጋር አንድ የሆኑ የብረት ቁራጮች በውስጡ ይሰቀላሉ። ከጋኑ ግድግዳ ይልቅ ለነዳጁ ስለሚቀርቡ ቀድመው ያረጃሉ። በተወሰነ ጊዜ አንዳንዱ እየወጣ በመዶሻ መሣሪያ ይሰበራል፤ ለመሰበር የፈጀው ኃይል ይለካል። ከዚያ በመነሣት ጋኑ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል። ለእርጅናው ቀን የሚመሰክረው ብረት የሚቀመጠው በልደቱ ቀን ነው ማለት ነው። ያንን ቀን ቁራጩ ካልተሰቀለ፣ ቢሰቀልም መዝገቡ ከጠፋ፣ ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው መርማሪ በግምት ይፈርዳል። የእርጅናውን ነገር ከመወለዱ በፊት እናንሣ ያልኩህ ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ጋን ሊታከምም ይችላል። አርሜኒያ እንደኛ ተራራማ አገር ናት፤ ሜትሳሞር የሚባል ጣቢያ አላት። እ.ኤ.አ. በ1988 የመሬት መንቀጥቀጥ ካደቀቃቸው በኋላ ዘጉት፤ ጨለማውና ብርዱ ሲበረታባቸው በ1995 አንዱን ሪአክተር መልሰው ከፈቱት። በ2021 ጋኑን በከፍተኛ ሙቀት አግለው ብረቱ የቀድሞ ባሕርዩን በከፊል እንዲመልስ አድርገዋል። የጨነቀው ምን ያህል እንደሚደፍር ከነሱ ታያለህ፤ እኔ ግን ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ባትጀምሩት እመርጣለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የምመክርህ የደቡብ አፍሪካውን ጣቢያ ኩበርግን እንድታጠና ነው። በአፍሪካ በሥራ ላይ ያለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ እሱ ብቻ ነው፤ ግብፆቹ ኤል ዳባ ላይ ገና እየገነቡ ነው። ኩበርግ ከኬፕታውን በስተሰሜን ከባሕሩ ዳር ቆሟል። ሁለት ሪአክተሮች አሉት፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ሁለተኛው በ1985 ሥራ ጀምረዋል። በአንድነት ወደ 1,900 ሜጋ ዋት ያህል ይሰጣሉ። አርባ ዓመታቸው ሲቃረብ ባለቤቱ ኤስኮም ሃያ ዓመት እንዲጨመርላቸው ጠየቀ። ለዚያም በያንዳንዱ ሪአክተር ያሉት ሦስት ሦስት የእንፋሎት ዕቃዎች መለወጥ ነበረባቸው።

ሥራው ዘገየ። ዘግይቶ ዘግይቶ አንደኛው ሪአክተር ለዚህ የቆመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2022 ነው፤ የተመለሰው ኅዳር 2023። ያ ዓመት ደቡብ አፍሪካ በታሪኳ እጅግ የከፋውን የመብራት ፈረቃ ያየችበት ነበር። ሰው በቀን ለሰዓታት በጨለማ ተቀምጦ ሳለ ትልቅ ማመንጫ ለጥገና ማቆም ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸ ነው። ትርፍ ኃይል በነበረበት ዘመን ቢሠሩት ኖሮ ማንም ሳያውቀው ያልፍ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ የጥገና ዕቅድ በጥጋብ ዘመን ይሠራል እንጂ ለችግር ዘመን አይቀጠርም።

ኮንክሪቱም ጉዳይ ነበረው። የባሕሩ ጨው በነፋስ እየመጣ ወደ ሕንፃው ግድግዳ ሰርጎ ውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል፤ ይህ ሲጠገን ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባለሙያዎች መጥተው ሲመረምሩ፣ የሕንፃውን ሁኔታ የሚከታተሉት መለኪያዎች በተሟላ ሁኔታ እየሠሩ እንዳልሆነ አይተው እንዲታደሱ አሳሰቡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ደቡብ አፍሪካውያን የሌላ አገር ሰው ጠርተው በሽታቸውን ማስመርመራቸውን አደንቃለሁ። ተቆጣጣሪያቸውም ሕዝቡን ሰብስቦ ካዳመጠ በኋላ በሐምሌ 2024 ለአንደኛው ሪአክተር ብቻ እስከ 2044 ፈቀደ፤ ሁለተኛውን «ያንተን ለብቻ አያለሁ» ብሎ አቆየውና በኅዳር 2025 እስከ 2045 ፈቀደለት። ሁለቱን በአንድ ላይ ጠቅልሎ አላሳለፈም፤ ቤተ ልሔምም ለሁለት ተማሪ አንድ ምስክር አይሰጥም።

የሚያሳዝነውን ክፍል ግን አልደብቅህም። በዚያ ተቆጣጣሪ ቦርድ ውስጥ በጣቢያው አጠገብ የሚኖረውን ሕዝብ የሚወክል አንድ አባል ነበር፤ ኒውክሌርን የሚቃወም ሰው ነው። የዘመን ጭማሪው በሚመረመርበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሚኒስትሩ ከቦርዱ አሰናበቱት። በ2023 ፍርድ ቤት ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው። ከሰውየው ሐሳብ ጋር ልስማማ ላልስማማ እችላለሁ፤ እኔ የኒውክሌር ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን መስካሪውን የሚሾመውና የሚሽረው ባለጉዳዩ ከሆነ ምስክሩ ዋጋ ያጣል። በአገራችን የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ከተቋቋመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መሥሪያ ቤቱ በተለያየ ስም ቆይቷል። የሆስፒታል ራጅ መሣሪያ ከመቆጣጠር ሪአክተርን ወደ መቆጣጠር ሲሸጋገር ጣቢያውን ከሚገነባው ክፍል በበጀትም በአለቃም መለየት አለበት። ይህ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ወረቀት ነው።

የጃፓኑን ፉኩሺማ ሁሉም ሰው ያነሣዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አንደኛው ሪአክተር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበርና አርባ ዓመቱ ሲሞላ አሥር ዓመት እንዲጨመርለት ተፈቀደ፤ ጊዜው የካቲት 2011። ማዕበሉ የመጣው መጋቢት 11 ቀን 2011 ነው፤ ፈቃዱ በተሰጠ በወሩ። ሐቁን ለመናገር ያን ጣቢያ ያጠፋው የብረቱ እርጅና አይደለም። ባሕሩ ገብቶ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ስላጥለቀለቀ ማቀዝቀዣው ቆመ። መርማሪዎቹ የመኪናውን እርጅና አይተዋል፤ ባሕሩን ግን እንደገና አላዩም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ስለዚህ ዘመን ሲጨመር ቦታውም ከዜሮ ይመረመራል። የአርባ ዓመት አዲስ እውቀት አለና መሬቱም፣ ውኃውም፣ የአካባቢው ሰው ብዛትም ሁሉ ይታያል። እኛ በስምጥ ሸለቆ ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነን። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል፤ የከሰም ግድብም አሳስቦን ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ጣቢያ ሲተከል አንዴ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

እስካሁን የሰው አገር አወራሁ። ከእኛም አሮጌዎች አሉ፤ እነሱን ሳናስታምም አቶምን ማስታመም አንችልም። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ የሚሰጥ የኢትዮጵያ የውኃ ኃይል ታላቅ ወንድም ነው። ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ቆሞ ኖረ፤ በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ቆቃ በ1960 ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር፤ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራ ነው። ማሽኑ ይታደሳል፤ ሐይቁን ግን ደለል እየበላው ነው፤ ከሐይቁ ሆድ ደለልን ማውጣት ደግሞ ተርባይን እንደመለወጥ ቀላል አይደለም። የውኃ ማመንጫም የማይለወጥ አካሉ ሐይቁ ነው።

ጢስ ዓባይን ተመልከት። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠርቶ ባሕር ዳርን አበራ፤ ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋቱ በ2001 ተጨመረ። አሥር ዓመት ሳይሞላው ብዙው የጣና ውኃ 460 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው በለስ ዞረና በ2010 ሁለቱም ተጠባባቂ ሆኑ። ያቆማቸው እርጅና አልነበረም፤ ውኃቸው ነው የሄደው። አዲስ ሲታቀድ ነባሩን ማን እንደሚያስታውሰው ጠይቅ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን፣ አዲሱ ከነባሩ ጋር በአንድ ሂሳብ ይሰላ።

የዓባይ ደለል ደግሞ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? ከእኛው ነው። ጉና ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ቆሞ ርብና ጉማራን ወደ ጣና ይሰዳል። የስማዳ ዝናብ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የእስቴም እንዲሁ ወደ ዓባይ። በሐምሌ የሚወርደውን ጎርፍ ቀለሙን አይተኸዋል፤ ማሳችን ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ነው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ያ ሐይቅ ስንት ዓመት ያገለግላል የሚለውን የሚወስነው ጉባ ያለው መሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ ጋይንት ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬም ነው። የጉናን ሣር ያስከበረ ሰው የግድቡን ዕድሜ አራዝሟል። ይህን ለዘመዶችህ ስትጽፍ ንገራቸው፤ ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰሙሃል።

ይህን ሁሉ ለፍቶ በጠበቀው የጋይንት ገጠር ዛሬም በኩራዝና በጸሐይ መብራት የሚያድር ቤት ብዙ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። አገሪቱ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋታል ስትል ትክክል ናት፤ አቶም እንዳይመጣ አልመክርም። ከመጣ ግን ስድሳና ሰማንያ ዓመት አብሮን የሚኖር ነው። ከዚያም በኋላ ማፍረሻውና የነዳጁ ዝቃጭ አለ፤ ኩበርግ ያቃጠለውን ነዳጅ እስከ ዛሬ በግቢው ያኖራል። የሚፈርስበት ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ሽያጭ እየተቆረጠ ሌላ ሰው በማይነካው ሂሳብ ካልተቀመጠ፣ ባለቤቱ መዝጋት ሲገባው ገንዘብ አጥቶ «ትንሽ ዓመት ጨምሩልኝ» ይላል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጭማሪ ከደህንነት የመጣ አይደለም፤ ከባዶ ካዝና ነው። አልሞት ባይ ተጋዳይ የሆነ ሪአክተር ማንም ጎረቤት አይፈልግም።

ስለ ሰው ደግሞ አንድ ነገር። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። ቧንቧውን ሲበይድ የነበረ፣ ቫልቩ በየትኛው ክረምት እንዳስቸገረ የሚያውቅ ሠራተኛ ከጣቢያው በፊት ጡረታ ይወጣል። እኔ በሠራሁበት ዘመን ድምፁን ሰምተው የተርባይኑን ሕመም የሚለዩ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሳይጽፉት አለፉ። ለአቶም ይህ አይቻልም። እያንዳንዱ ጥገና በአማርኛም በሠሪው ቋንቋም ይጻፍ፤ አዛውንቱ ከመሄዱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ወጣት አጠገቡ ይቀመጥ። ስትመለስ የመጀመሪያው መዝገብ ጸሐፊ አንተ ሁን።

የሚያጣድፉ ሰዎች ይመጡብሃል። የምረቃ ቀን ቆርጠው «እንዲህ ያለው ነገር ኋላ ይደርሳል» ይሉሃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል በላቸው። ውሉ ሲረቀቅ ከክፍሉ ውስጥ ከተገኘህ አራት ነገር በውሉ ውስጥ መጻፉን አይተህ አረጋግጥ። የምርመራ ብረቶቹ ከየትኛው ጋን ቁራጭ ተወስደው ስንት እንደሚሰቀሉና መዝገባቸው በኢትዮጵያ እንደሚቀመጥ ይጻፍ። የመለዋወጫው ሥዕልና ስሌት የእኛ ንብረት እንዲሆን፣ ሠሪው ቢቀየም ወይም ማዕቀብ ቢመጣ ጥገናው እንዳይቆም ይጻፍ። የማፍረሻው ገንዘብ በየዓመቱ የት እንደሚገባ ይጻፍ። ጣቢያውን ለማቆም ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪ ለማን ተጠሪ እንደሆነም በሕግ ይወሰን። ከአራቱ አንዱ ከጎደለና ስትጠይቅ የሚመልስልህ ካጣህ፣ አለቃህም ይሁን ሚኒስትር ቢቆጣህ እንዳይፈረም ምከር፤ ፊርማህንም አታኑርበት።